ሦስት ቀን በክፍሌ በር ላይ የተንጠለጠለው ካርድ

ላስ ቬጋስ ውስጥ የሆቴል ክፍል በማጽዳት አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ቀጥሎ የምጽፈውን የሚያነብ ሰው ከውጭ የመጣች ሴት በትንሽ በትልቁ ታማርራለች ብሎ እንዳያልፈው ነው። አንድ ክፍል ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ፣ ፍራሽ በአንድ እጅ አንስቶ በሌላው አንሶላ መሸጎጥ ወገብን ምን እንደሚያደርገው አውቃለሁ። የጽዳት ሠራተኛ ለመክሰስ የተነሳሁ ሰው አይደለሁም። በየቀኑ ይጸዳል ተብሎ የተከራየሁት ክፍል ግን ሦስት ቀን ሙሉ ማንም ሳይገባበት ቆይቷል፤ ምክንያቱን የሚነግረኝ ሰው ያገኘሁትም በአራተኛው ቀን ነው።

እናቴ ካረፈች ወዲህ ሀገር ቤት ስገባ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ከዚህ በፊት ሆቴል አስፈልጎኝ አያውቅም። በእሷ ቤት ጠዋት ወጥቼ ማታ ስመለስ አልጋዬ ተነጥፎ፣ የጣልኩት ልብስ ታጥፎ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር። «ተዪው እማዬ፣ እኔ አደርገዋለሁ» ብላት አትሰማኝም። ዘንድሮ ያ ቤት የለም። ዘጠኝ ሌሊት የማድርበትን ሆቴል ስመርጥ ከሁሉ በፊት የፈለግሁት አንድ መስመር ነበር፤ አገኘሁትም። «ዕለታዊ የክፍል ጽዳት በዋጋው ውስጥ ተካትቷል» ይላል። የሰው አልጋ ስታነጥፍ ለኖረች ሴት ይህ መስመር ትልቅ ነገር ነው።

የገባሁ ቀን ክፍሉ እንከን አልነበረውም። እንደ ሥራዬ ፈትሼዋለሁ፤ የመስታወቱን ጠርዝ፣ የመጸዳጃውን መቀመጫ ሥር፣ ከአልጋው ራስጌ ጀርባ አቧራ የሚደበቅበትን ቦታ ሁሉ አይቻለሁ። የአንሶላው ማዕዘን እንደ ፖስታ ታጥፎ ከፍራሹ ሥር ገብቷል። ሙቅ ውሃው አይቋረጥም፣ ሊፍቱ ይሠራል፣ ሌሊቱም ጸጥ ያለ ነው። በእነዚህ ቅሬታ የለኝም።

በማግስቱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ስወጣ «እባክዎ ክፍሉን ያጽዱ» የሚለውን ካርድ በበሩ እጀታ ላይ አንጠለጠልኩ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ስመለስ ካርዱ እንዳለ ነው። ብርድ ልብሱ ጠዋት እንደገፈፍኩት ተጠቅልሏል። እንዲቀየርልኝ ብዬ መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ የተውኩት ፎጣ እዚያው ሆኖ መሽተት ጀምሯል። እንግዳ መቀበያው ጋ ደወልኩ። «ይቅርታ እትዬ፣ ነገ በጠዋት ይጸዳል» አለኝ ወጣቱ፤ ሰው አንሷቸው ይሆናል ብዬ አመሰገንኩትና ስልኩን ዘጋሁ።

በሁለተኛው ቀንም ያው ሆነ። የቆሻሻ ቅርጫቱ ሞልቶ ጎኑ ላይ ሌላ ከረጢት አስቀመጥኩ። ማታ ደውዬ ቢያንስ ፎጣ እንዲያመጡልኝ ጠየቅሁ፤ ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ የጥበቃ ሠራተኛው ሁለት የእጅ መጥረጊያ ፎጣዎች ይዞ መጣ። ሰውየው ምንም ጥፋት የለበትም፤ ያገኘውን ነው ያመጣልኝ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ገላዬን ታጥቤ የደረቅሁት በሌሊት ልብሴ ነው። ካርዱ አሁንም በሬ ላይ ተንጠልጥሏል። ያን ዕለት ማታ ከዘመድ ቤት ደክሞኝ ተመልሼ በሩን ስከፍት፣ ያልተነጠፈውን አልጋ ሳየው እንባዬ መጣ። ለሌላ ሰው ትንሽ ነገር ይሆናል፤ እኔ ግን እናቴ እንደሌለች በትክክል የገባኝ ያን ጊዜ ይመስለኛል።

በአራተኛው ቀን ማለዳ ራሴ ወረድኩ።

«ካርዱን ሦስት ቀን አንጠልጥያለሁ» አልኩት የእንግዳ መቀበያውን ሠራተኛ።

«በካርዱ አይደለም የምንሠራው እትዬ» አለኝ በትህትና። «ጽዳት የሚፈልግ እንግዳ እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት ድረስ እዚህ መጥቶ ይመዘገባል። ካልተመዘገበ ክፍሉ በአራተኛው ቀን ነው የሚጸዳው።»

«ይህን ማን ነገረኝ?»

መልስ አልነበረውም። ከመሳቢያው ውስጥ የመግቢያ ፎርሜን አወጣና ገልብጦ አሳየኝ። ደንቡ በጀርባው ገጽ ላይ፣ ስለ ጠፋ ቁልፍና ስለ ሲጋራ ከሚናገሩት መስመሮች መካከል ተጽፏል። እኔ የፈረምኩት በፊተኛው ገጽ ላይ ነው። በደወልኩባቸው ሁለት ምሽቶችም «ጠዋት ወርደው ይመዝገቡ» ያለኝ ሰው አልነበረም፤ «ነገ ይጸዳል» ብቻ ነው መልሱ።

እዚህ ላይ ለሆቴሉም ፍትሐዊ መሆን እፈልጋለሁ። ክፍል በየቀኑ አለማጽዳት እነሱ የጀመሩት ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2020ው ወረርሽኝ በኋላ በአሜሪካ ብዙ ታላላቅ ሆቴሎች እንግዳው ካልጠየቀ አናጸዳም ወደሚል አሠራር ዞረዋል። አንዳንድ እንግዳ ደግሞ ሰው ክፍሉ እንዳይገባበት ይመርጣል፤ መብቱ ነው። አንሶላም በየቀኑ አይቀየርም፤ ለአንድ ሰው በሁለት ወይም በሦስት ቀን አንዴ መቀየሩ የተለመደ ነው፣ እኔም ቤቴ በየቀኑ አልቀይርም። ዕለታዊ ጽዳት ሲባል ቆሻሻው ይወጣል፣ አልጋው ይስተካከላል፣ መታጠቢያ ቤቱ በመድኃኒት ይታጠባል፣ ወለል ላይ የተጣለ ፎጣ ይቀየራል፣ የተሰቀለ ፎጣ ይተዋል፣ ያለቀው ሳሙናና ወረቀት ይተካል ማለት ነው። በደንብ ለሚሠራ ሰው ሃያ፣ ቢበዛ ሠላሳ ደቂቃ ይበቃዋል። በሰባት ቀን አንዴ እናጸዳለን የሚል ሆቴል ቢኖርም አስቀድሞ ይንገረኝ እንጂ አልጣላውም፤ ወይ እስማማለሁ፣ ወይ ሌላ እፈልጋለሁ። የጎዳኝ በድረ ገጹ ላይ አንድ ነገር ተሽጦልኝ በፎርሙ ጀርባ ሌላ ነገር መሰጠቴ ነው።

«አካባቢን ለመጠበቅ» የሚለውም ሰበብ ከፎርሙ አልቀረም። ስለዚህ አንድ ነገር ልበል። አረንጓዴ መስሎ ማታለልን የሚገልጸው የእንግሊዝኛ ቃል «ግሪንዋሺንግ» መነሻው የሆቴል ፎጣ ነው፤ ጄይ ዌስተርቬልድ የተባለ አሜሪካዊ የአካባቢ ተቆርቋሪ እ.ኤ.አ. በ1986 እንግዶች ፎጣቸውን ደግመው እንዲጠቀሙ የሚለምኑትን የሆቴል ካርዶች ሲተች የተጠቀመበት ነው። ውሃ መቆጠብ መልካም ነው። የሞላ የቆሻሻ ቅርጫት ሦስት ቀን ክፍል ውስጥ መተው ግን የትኛውን ውሃ እንደሚቆጥብ አልገባኝም።

በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ በሬ ተንኳኳ። ሃያ ሁለት ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ አንዱ ጎማው የሚንጫጫ ጋሪ እየገፋች ገባች። እኔ አንሶላውን መግፈፍ ጀምሬ ነበር።

«ተዉት እትዬ፣ እኔ አደርገዋለሁ» አለች።

አልተውኩትም። በአንዱ በኩል እሷ፣ በሌላው እኔ ሆነን አልጋውን አነጠፍነው። እጇን እያየሁ ነበር። መጀመሪያ መጸዳጃው ላይ መድኃኒት አፍስሳ ትታው መጣች፤ አልጋው እስኪያልቅ ድረስ መድኃኒቱ ሥራውን ይሠራል። ቶሎ ቶሎ የምትል ሠራተኛ አፍስሳ ወዲያው ታጥበዋለች፣ ያ ደግሞ ጀርሙን አይገድለውም። ለመስታወቱና ለብርጭቆው ማስቀመጫ ሰማያዊ ጨርቅ፣ ለመጸዳጃው ቀይ ጨርቅ ነበራት፤ ቀዩን ሌላ ቦታ አላስነካችውም። ከላይ ወደ ታች፣ ከውስጥ ወደ በር ጠርጋ ወጣች። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አብሬያቸው ከሠራኋቸው ሰዎች መካከል እንደዚህች ልጅ የሚሠሩት ጥቂት ናቸው።

ጋሪዋ ላይ የተለጠፈው ዝርዝር ያን ቀን አሥራ ዘጠኝ ክፍል ይል ነበር። ከእነዚያ ሰባቱ እንግዳ የሚለቅባቸው ናቸው፤ እንግዳ የለቀቀው ክፍል ሙሉ በሙሉ ስለሚገፈፍ ሰዓት ይበላል። «በየቀኑ ብንገባ ይቀለን ነበር» አለችኝ ትራሱን ልብስ እያለበሰች። «በአራት ቀን ሲመጣ አንዱ ክፍል የሁለት ያህል ነው። ሲቆጠር ግን አንድ ነው።»

ይህንኑ ቃል በሌላ ቋንቋ ስንቴ ሰምቼዋለሁ። የኔቫዳ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት በላስ ቬጋስና በሬኖ አካባቢ ያሉ ሆቴሎች ክፍል በየቀኑ እንዲያጸዱ በሕግ አስገድዶ ነበር። በ2023 ሕጉ ተነሳ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር የሠራተኞች ማኅበራችን ሥራ ለማቆም ቀን ቆርጦ ሆቴል ካላቸው ትልልቅ ቁማር ቤቶች ጋር ሲደራደር፣ ከደመወዝ ጭማሪው ጎን ካስፈረማቸው ነገሮች አንዱ ዕለታዊ የክፍል ጽዳት ነው። የማጽዳት ግዴታ ይኑርብን ብሎ የሚከራከር ሠራተኛ ለምን ይኖራል ብለው የጠየቁኝ ሰዎች ነበሩ። መልሱ የዚች ልጅ ዝርዝር ላይ አለ፤ ጽዳት ሲቀር ሰው ይቀነሳል፣ የቀረው ሰው ደግሞ የከረመውን ቆሻሻ ያለ ተጨማሪ ሰዓት ይሸከማል።

ሌላም የማስበው ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 ኦክቶበር ላስ ቬጋስ ውስጥ አንድ ሰው ከሆቴል መስኮት ተኩሶ ብዙ ሰው ከጨፈጨፈ በኋላ፣ ብዙ ሆቴሎች «አይረብሹ» የሚል ካርድ እንኳ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በላይ ከተንጠለጠለ ሠራተኛ ገብቶ እንዲያይ ወስነዋል። ይህ የተደበቀ መሣሪያ ለማግኘት ብቻ ሳይሆን ለታመመ፣ ለወደቀ፣ ብቻውን ለሞተም ሰው ጭምር ይጠቅማል። እኔ ብቻዬን ነበርኩ፤ የደም ግፊትም አለብኝ። ካርዴ ሦስት ቀን «ግቡ» እያለ ማንም አልገባም። ውስጥ ወድቄ ቢሆንስ ኖሮ?

ከዚያ በኋላ በስድስተኛውና በስምንተኛው ቀን በጠዋት ወርጄ ተመዘገብኩ፤ ልጅቷ መጥታ አጸዳችልኝ። ጉዳዩ አለቀ ብዬ ነበር። በመጨረሻው ቀን ሂሳቤን ስቀበል ግን «ተጨማሪ የክፍል ጽዳት፣ ሁለት ጊዜ» የሚል መስመር አገኘሁ። በዋጋው ውስጥ የተካተተውን ነገር ጠይቄ ስላገኘሁት ሌላ ሂሳብ ተጠየቅሁበት። ታክሲው በር ላይ ቆሟል፣ ሻንጣዬ ተጭኗል፣ እኔ ለሠላሳ አምስት ደቂቃ ከገንዘብ ያዧ ወደ ተቆጣጣሪው፣ ከተቆጣጣሪው ወደ ሥራ አስኪያጁ ስመላለስ ቆየሁ። ብዙ ሰው በዚህ ሰዓት ለምን ከፍሎ እንደሚሄድ ይገባኛል፤ አውሮፕላን አይጠብቅም።

ሥራ አስኪያጁ «ውጭም እኮ እንዲህ ነው የሚሠራው» አለኝ። ከሁሉ የከነከነኝ ይህ ነው። ውጭ የሚሠራውን የምሠራው እኔ ነኝ አልኩት። እኔ በማውቃቸው ሆቴሎች ጽዳት አልፈልግም ላለ እንግዳ በኋላ ለማደሪያ የሚያገለግል ነጥብ ወይም ቅናሽ ይሰጡታል፤ ለፈለገው ግን ቃል የተገባለትን ጽዳት አይሸጡለትም። ከዚያ ስልኬን አውጥቼ ቦታ ስይዝ ያነሳሁትን የገጹን ምስል አሳየሁት። «ዕለታዊ የክፍል ጽዳት በዋጋው ውስጥ ተካትቷል» የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበበው። መስመሩ ከሂሳቤ ወጣ፣ አዲስ ደረሰኝ ተቆረጠልኝ፤ ይቅርታም ጠየቀኝ፣ ከልቡ ነበር።

ስለዚህ ሀገር ቤት ለምትገቡ ሁሉ፣ በተለይ ከአምስት ሌሊት በላይ ለምትቆዩ የምለምናችሁ ቦታ ስትይዙ ስለ ጽዳቱ የተጻፈውን ምስል አንስታችሁ እንድትይዙ ነው። ቁልፍ ከመቀበላችሁ በፊት ፎርሙን ገልብጡትና ክፍሉ በስንት ቀን እንደሚጸዳ፣ ካርዱ በቂ መሆኑን ወይም መመዝገብ እንደሚያስፈልግ፣ እስከ ስንት ሰዓትም እንደሆነ ጠይቁ። ጽዳቱ ከቀረ ጋሪ የምትገፋውን ልጅ አትቆጧት፤ ዝርዝሩን የምትጽፈው እሷ አይደለችም። ወደ እንግዳ መቀበያው ውረዱ፣ በስልክ «ነገ» መባልንም አትቀበሉ።

ሥራ አስኪያጁ ደንቡን በፎርሙ ፊተኛ ገጽ ላይ እንደሚያወጣው፣ ካርዱም ከእንግዲህ እንደ ምዝገባ እንደሚቆጠር ቃል ገብቶልኛል። ስለ ልጅቷም በአስተያየት መስጫው ላይ አንድ ገጽ ሙሉ ጽፌ፣ ለእሱ በእጁ ሰጥቼዋለሁ። ስወጣ ጋሪዋ ሦስተኛው ፎቅ ኮሪደር ላይ ቆሞ ነበር፤ እሷ ውስጥ ስለነበረች አልጠራኋትም። አንሶላውን ገፍፌ፣ ፎጣዎቹን አንድ ላይ ጠቅልዬ በሩ አጠገብ አስቀምጬላት ወርጃለሁ።