መሮጥ ወይስ መወርወር? የ1906 አሰልጣኞች ምርጫ

እ.ኤ.አ. በ1906 የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል (ሞላላ ኳስ በእጅ ይዘው የሚጫወቱት) ሕግ ኳስን በእጅ ወደፊት መወርወርን ፈቀደ። አሰልጣኞች ኳሱን ይዞ ከመሮጥና ወደፊት ከመወርወር አንዱን መምረጥ ነበረባቸው።

ዝግጅት፦ ሩጫው የለመዱት ነው፤ ጉልበተኛ ልጆች ካሉ ይበቃል። ውርወራው ግን ከዜሮ ይጀምራል። የሴንት ሉዊስ ዩኒቨርሲቲው አሰልጣኝ ኤዲ ኮከምስ ለዚሁ ሲል ወቅቱ ሳይጀመር ቡድኑን ወደ ዊስኮንሲን ግዛት ወስዶ አለማመደ።

አደጋ፦ ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። ተቃቅፎ እየገፉ መሮጥ አጥንት ይሰብር፣ ሰውም ይገድል ነበር። በዚህም ምክንያት በ1905 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት አሰልጣኞችን ዋይት ሀውስ ጠርተው አነጋግረዋል። ውርወራው ደግሞ ኳስ ያሳጣ ነበር፤ በጊዜው ሕግ ኳሱ ማንም ሳይነካው መሬት ከወደቀ ለተጋጣሚ ይሰጥ ነበር። የሴንት ሉዊስ የመጀመሪያ ውርወራ በካሮል ኮሌጅ ላይ እንዲሁ ባከነ። ቀጥሎ ግን ተሳካ፤ 22 ለ 0 አሸነፉ።

ውጤት፦ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በ1901፣ ውርወራ ገና ሳይፈቀድ፣ 11 ጨዋታ አሸንፎ የወቅቱ ጠቅላላ ነጥብ 550 ለ 0። ሴንት ሉዊስ በ1906፣ 11 አሸንፎ 407 ለ 11። ሁለቱም ድንቅ ናቸው!

ግዙፍ ተጫዋቾች ላሉትና ጭቃ ላይ ለሚጫወት ቡድን ሩጫው ይሻላል። ፈጣን ልጆችና በቂ የልምምድ ጊዜ ላለው ውርወራው። የልጆቹን ሕይወት ሳስብ ግን እኔ ወደ ውርወራው አደላለሁ።