የድሮ ፊያት ቸርኬ፦ አስቆርጦ ማስፋት ወይስ ሰፊ መግዛት?

ባለፈው እሁድ አንድ ወዳጄ አራት አሎይ ቸርኬ አምጥቶ በረንዳዬ ላይ ደረደረ። የፊያት 124 ኩፔው ናቸው። ዲያሜትራቸው 13 ኢንች ነው (ባለ 13)፣ ወርዳቸው 5 ተኩል ኢንች። «ላስቆርጣቸው ነው» አለኝ። «ፊታቸው እንዳለ ይቀራል፣ ወርዳቸው ግን 7 ይሆናል።» አዳማ ውስጥ ይህን መኪና የሚነዳ ሰው በጣት ይቆጠራል። ስለዚህ ምክር ፍለጋ የሚመጣው እኔ ጋ ነው፤ ከሦስት ዓመት በፊት በራሴ 124 ሞክሬዋለሁና።

ሥራው እንዲህ ነው። ቸርኬው ቶርኖ ላይ ይታሰርና ጎማ የሚቀመጥበት ዙሪያው ተቆርጦ ይጣላል። የሚቀረው መሃሉ ነው፤ ከሞዞው፣ ማለትም ጎማው ከሚዞርበት እምብርት ጋር የሚታሰረውና ከውጭ የሚታየው ፊት። ጠርዙ ልክ ክብ እስኪሆን ይላግና ዙሪያውን በእኩል ርቀት ይበሳል። ከዚያ ሰፋ ያለ አዲስ የአሉሚኒየም ቀለበት በትናንሽ ብሎኖች ይታሰርበታል። መገናኛው በሲሊኮን ይደፈናል። ባለ ሁለት ቁራጭ የሚባለው ይሄ ነው።

ጥቅሙ እውነተኛ ነው። ወርዱን እናንተ ትመርጣላችሁ። የጨመረው ወርድ ስንቱ ወደ ውስጥ፣ ስንቱ ወደ ውጭ እንደሚሄድም እናንተ ትወስናላችሁ። ቀለበቱ ጉድጓድ ገብቶ ቢጣመም እሱን ብቻ መቀየር ይቻላል። ግን ቀለበቱ ከውጭ አገር ነው የሚመጣው፤ እስኪደርስ መኪናዋ በእንጨት ላይ ቆማ ትጠብቃለች።

ሰፊ ቸርኬ መግዛት ቀላል ይመስላል። ወጥመዱ የብሎን ቀዳዳው ላይ ነው። የ124 አራቱ ብሎኖች ዲያሜትሩ 98 ሚሊ ሜትር በሆነ ክብ ላይ ነው ያሉት። ገበያ ላይ የሞላው የቪትዝና የያሪስ ቸርኬ ደግሞ 100 ነው። ሻጩ «2 ሚሊ ሜትር ምን አላት፣ ይገባል» ይላችኋል። አዎ፣ በግድ ይገባል። ግን እያንዳንዱ ብሎን ከቦታው 1 ሚሊ ሜትር ይርቃል፣ ቸርኬውም መሃል ላይ አይቀመጥም። ከተማ ውስጥ ላይታወቃችሁ ይችላል። ወደ አዲስ አበባ በፍጥነት መንገዱ 100 ስትሞሉ ግን መሪው እጃችሁ ላይ መንቀጥቀጥ ይጀምራል።

ደስ የሚለው፣ ላዳ አለ። ላዳ የተሠራው ከፊያት 124 ተነስቶ ስለሆነ ያው 98 ነው። የላዳ ብረት ቸርኬ ወርዱ 5 ኢንች ብቻ ነው፣ ማስፋት ለሚፈልግ አይጠቅምም። ለላዳ ተብሎ የተሠራ፣ ወርዱ 6 ኢንች የሆነ (ባለ 6) አሎይ ከተገኘ ግን ያለ ምንም ትግል ይታሰራል። ለኋለኞቹ የፊት ጎማ ነጂ ፊያቶች፣ እንደ ኡኖ ላሉት፣ የተሠራውም 98 ነው። እሱ ግን ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከመክፈላችሁ በፊት አስገጥማችሁ እዩት።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት። ያስቆረጥኩት በአንድ ቶርኖ ቤት ነበር፣ ስሙ ይቅር። ስረከብ ያምራል፣ ያብረቀርቃል። በሦስተኛው ቀን ጠዋት የኋላ ግራው ተኝቶ አገኘሁት። ጎሚስታው ልጅ በግማሽ በርሜል ውሃ ውስጥ ነክሮ ቀስ እያለ አዞረው። ከጎማው ምንም የለም። ከቫልቩም የለም። ከዚያ ከብሎኖቹ መሃል አንዷ ሥር እንደ ሰንሰለት የተያያዘች አረፋ ተነሳች። «ጋሼ፣ ይሄ የኔ ሥራ አይደለም» አለና እጁን በሱሪው ጠረገ። ልክ ነበር። ጎማው ወልቆ፣ ብሎኖቹ ሁሉ ተፈትተው፣ ሲሊኮኑ ተፍቆ እንደገና መሠራት ነበረበት። ስለዚህ ባለ ሁለት ቁራጭ የምታሠሩ ከሆነ ጎማ ሳይገባ ሲሊኮኑ በደንብ ይድረቅ፣ ከጥቂት ቀን በኋላም ብሎኖቹ በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) ይፈተሹ። ጎማ የሚቀይርላችሁም ማሽን ያለው ሰው ይሁን። በብረት ዘንግ የሚፈለቅቅ ጎሚስታ ድፍኑን ሊነካው ይችላል።

ሌላም አለ። አንዳንድ የድሮ የጣሊያን ስፖርት ቸርኬ አሉሚኒየም ሳይሆን ማግኒዚየም ነው። ከጀርባ፣ የማይታይ ቦታ ላይ ቀለሙን ፋቅ አድርጉና አንድ ጠብታ አቼቶ ጣል አድርጉበት። ወዲያው ፍልቅልቅ ካለ ማግኒዚየም ነው። ብናኙ ቶርኖ ላይ እሳት ይይዛል። ውሃ ሲደፉበት ደግሞ ይብሳል፤ ደረቅ አሸዋ ነው የሚያጠፋው። ይህን የማያውቅ ባለሙያ እጅ ላይ ባትጥሉት ይሻላል።

መሃሉን ሰንጥቆ በአርጎን አስበይዶ ማስፋትስ? አይሆንም። የብየዳው ሙቀት ዙሪያው ያለውን አሉሚኒየም ያለሰልሰዋል፤ የሚሰነጠቀውም እዚያው ነው።

ጎማውንም አስቡበት። ወርዱ 165 ሚሊ ሜትር የሆነ ባለ 13 ጎማ በዲኤክስና በላዳ ምክንያት አይጠፋም። 7 ኢንች ላይ ግን 165 ተወጥሮ ነው የሚቀመጥ። 205/60 ይፈልጋል (የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ወርድ በሚሊ ሜትር ነው፣ ሁለተኛው የጎኑ ቁመት ከወርዱ ስንት በመቶ እንደሆነ ነው)፤ እኔ ስፈልግ እዚህ አላገኘሁም። 185/60 ብታስገቡ ደግሞ ቁመቱ ከ165/80 በ4 ሴንቲ ሜትር ያህል ያንሳል። መኪናዋ በ2 ሴንቲ ሜትር ትወርዳለች፣ ከሰፈር ጉብታ ጋር መሳሳም ትጀምራለች። 185/70 ግን ከድሮው ቁመት ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል፣ ለባለ 6 ቸርኬም ልኩ ነው።

የኔ ምርጫ ይኸው ነው። መኪናዋን በየቀኑ የምትነዱ ከሆነ 98 የሆነ ባለ 6 ግዙ፣ የድሮውን ሳትነኩ አስቀምጡ። ባለ ሁለት ቁራጭ የሚያዋጣው 7 እና ከዚያ በላይ ለሚፈልግ፣ ፓራፋንጎው ሥር በቂ ቦታ ላለው፣ ያን ፊትም ለሚወድ ሰው ነው። የተቆረጠ ቸርኬ ደግሞ ተመልሶ አንድ አይሆንም። ወደ ውጭ ብዙ ማውጣትም ኩሽኔታ ይበላል።

ወዳጄን ቦታውን እንዲለካ ላክሁት። ከሚስቱ ሊጥ ለምኖ ከጎማው በላይና ከውስጥ በኩል ለጠፈ፣ ከኋላ ሁለት ሰው ጫነና ጉብታ ላይ ወጣ ወረደ። ከፊት ጎማው ውስጥ በኩል የቀረው ሊጥ ውፍረቱ 20 ሚሊ ሜትር ነበር። 205 ጎማ ከ165 በየጎኑ የሚሰፋው ልክ ያን ያህል ነው። አሁን ባለ 6 እያፈላለገ ነው። ሊጡን ግን ሚስቱ እስካሁን አልረሳችውም።