አገዳ ለሚያማችሁ ሯጮች፦ ሱሉልታ ላይ አንዲት ባለሙያ አለችላችሁ

ይህችን ልጅ ሳላመሰግን ታላቁ ሩጫ ቢደርስ ይቆጨኛል። ሱሉልታ ውስጥ በአንድ አነስተኛ ክሊኒክ የምትሠራ ፊዚዮቴራፒስት ናት። "ስሜን እንዳትለጥፍ" ስላለችኝ ስሟን አልጽፍም። ሥራዋን ከመናገር ግን የሚከለክለኝ የለም።

ሱሉልታ የምትሮጡ ክረምቱን ታውቁታላችሁ። ሜዳው ውሃ ይቋጥራል፣ እግር እስከ ቁርጭምጭሚት ይሰምጣል። ያኔ ሁሉም ወደ አስፋልት ይወጣል። እኛም ከሲኖትራክ ጋር እየተጋፋን ዳገት ቁልቁለቱን ስንል ከረምን። 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ መሮጥ ለሳንባ ነው እንጂ ለአገዳ አያዝንም። መስከረም ሲጠባ የግራ አገዳዬን በውስጥ በኩል ይነዘንዘኝ ጀመር። መጀመሪያ ላይ ስነሳ ያመኛል፣ ሰውነቴ ሲሞቅ ይተወኛል። ኋላ ላይ ግን ጭራሽ አልለቅ አለ። ደረጃ ስወርድ ሁሉ ያመኝ ነበር።

ምክር መቼም በሽ ነው። እናቴ ቅቤ አውጥታ "ወጌሻ ጋ ሂድና ታሽ" አለችኝ። የሩጫ ጓደኞቼ "ቻለው፣ እየሮጥክበት ይለቅሃል" አሉ። ልጅቷን የጠቆመችኝ የሠፈራችን ፋርማሲ ባለሙያ ናት። ማስታገሻ ልገዛ ስገባ ማነከሴን አይታ ነው።

ስሄድ ቶሎ እግሬን አልነካችም። ጥያቄ ነው የጀመረችው። በሳምንት ምን ያህል ትሮጣለህ? ከክረምቱ በፊትስ? ጫማውን ከገዛኸው ስንት ጊዜ ሆነው? ሌሊት ተኝተህ ያምሃል? ከዚያ አውራ ጣቷን ከቁርጭምጭሚቴ ከፍ አድርጋ በአጥንቱ የውስጥ ጠርዝ ላይ አሳረፈችና ቀስ እያለች ወደ ላይ ሄደች። "እዚህስ? እዚህስ?" ያመመኝ ቦታ ሁሉ ላይ በእስክሪብቶ ነጥብ ታደርጋለች። ስትጨርስ ነጥቦቹ ከመዳፍ የሚረዝም መስመር ሠርተዋል።

"ሕመሙ እንዲህ ከተዘረጋ ብዙውን ጊዜ ሺን ስፕሊንት የሚሉት ነው" አለችኝ። አጥንቱ ላይ ያረፈው ጫና በድንገት ሲበዛና የማገገሚያ ጊዜ ሲያጣ የሚመጣ ነው። አንድ ጣት የሚሸፍነው ቦታ ላይ ብቻ ቢያመኝ ወይም ሌሊት ከእንቅልፍ ቢቀሰቅሰኝ ግን የአጥንት ስንጥቅ ጠርጥራ ወደ ሐኪም ትልከኝ ነበር። ስንጥቅ ገና ሲጀምር ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል። "ራጁ ንጹህ ነው" ብሎ ሩጫውን የሚቀጥል ሰው ነው እሷን የሚያስፈራት። ስለ ቅቤውም ጠየቅኳት። "ባትህን ይሹልህ፣ አጥንቱን ግን ማንም እንዳይጫንብህ።" እናቴ በዚህ ግማሽ ድል ረክታለች።

ክሊኒኩ ፎቅ ላይ ነው። አገዳ ለሚያመው ሰው የተመረጠ ቦታ አይደለም፣ እሷ ግን ደረጃውን ጂም አድርጋዋለች። የእግሬን ፊት ደረጃው ጠርዝ ላይ አስቁማ በሁለት እግር ወደ ላይ፣ በአንዱ ቀስ ብሎ ወደ ታች። አንዴ ጉልበት ቀጥ ብሎ፣ አንዴ ታጥፎ። ጉልበት ሲታጠፍ በርትቶ የሚሠራው ከሥር ያለው የባት ጡንቻ ነው። ሯጭ የሚረሳው እሱን ነው ትላለች። ስቸኩል ትከሻዬን ያዝ አድርጋ "ውረድ ነው ያልኩህ፣ ውደቅ አላልኩህም" አለችኝ። ደረጃው ላይ ወረፋ የሚጠብቁ እናት ሳይቀሩ ሳቁብኝ።

ሩጫ ጨርሶ ተው አላለችኝም። ቀነሰችልኝ፣ በመሃል ሳይክል አስገባችልኝ። ጥቅምት ላይ ሜዳው ሲደርቅ ሣሩ ላይ ትንሽ ሮጥ፣ ትንሽ ራመድ እያደረግኩ ተመለስኩ። እርምጃህን አሳጥረውና ቶሎ ቶሎ አድርገው ብላኛለች። መለኪያዋ ቀላል ነው፦ ሕመሙ ለስለስ ያለ ከሆነና በማግስቱ ጠዋት ከሌለ እቀጥላለሁ። ጠዋት ስነሳ ካለ እቀንሳለሁ።

ከሁሉ የወደድኩላት ግን ሌላ ነው። ልትሸጥልኝ የምትችለው ብዙ ነገር ነበር። ጫማ ውስጥ የሚገባ ሶል ልግዛ ወይ ብዬ ስጠይቃት "ብርህን ያዝ፣ ለአዲስ ጫማ አጠራቅምበት" አለች። ቤትህ በደንብ ከሠራህ እዚህ መመላለስ አያስፈልግህም ያለችኝም እሷው ናት። ከታካሚዋ ኪስ ይልቅ ለእግሩ የምታስብ ባለሙያ ማግኘት እንዴት ደስ ይላል!

እንከን አታጡም። ስልክ ብዙም አታነሳም፣ ቅዳሜ ደግሞ ወረፋው አያድርስ ነው። ከ1994 ጀምሮ ሰው የሚተምበትን ታላቁ ሩጫ ዘንድሮ እንድሮጥ ፈቅዳልኛለች፣ ሰዓት ሳልይዝ በሚል ቅድመ ሁኔታ።

አድራሻዋን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ከሰኞ እስከ ረቡዕ ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል። የምትሮጡበትን ጫማ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሶሉን ገልብጣ ታየዋለች። አዲሱን ሳይሆን ያለቀውን።