የፊልም ማስተርስ፦ የትኛው ትምህርት ቤት ለየትኛው ሰው?

የፊልም ትምህርት ቤት ስትመርጡ መጀመሪያ ዓይን የሚስበው የካሜራው ዓይነት፣ የስቱዲዮው ስፋትና የታዋቂ ተመራቂዎች ፎቶ ነው። ድረ ገጾቹም የተሠሩት ለዚያ ነው። እኔ ንጽጽሩን ከሌላ ቦታ ልጀምር። ስትመረቁ በእጃችሁ ምን ሥራ ይኖራል? ከማን ጋር ሆናችሁ ሠራችሁት? ወጪውንስ የቻለው ማን ነው?

ምክንያቱም በዚህ ሙያ ቀጣሪ ዲግሪ አሳየኝ አይልም። የሠራኸውን አሳየኝ ነው የሚለው። ዲግሪው ራሱ በቀጥታ የሚጠቅመው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማስተማር ለሚፈልግ ሰው ነው። አሜሪካ ውስጥ ኤምኤፍኤ፣ ማለትም የኪነ ጥበብ ማስተርስ፣ በዘርፉ እንደ መጨረሻ ዲግሪ ስለሚቆጠር ለመምህርነት ያበቃል። ለሌላው ሰው የሚገዛው ነገር ጊዜ፣ የቀረጻ ልምድና አብሮ የሚያድግ የሥራ ቡድን ነው።

አንድ ሙያ ወይስ ሁሉንም?

ትልቁ ልዩነት እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ አመልካች ግን ልብ ሳይለው ያልፋል።

በአንድ በኩል ከመግቢያው ጀምሮ ሙያ የሚያስመርጡ አሉ። ሎስ አንጀለስ ያለው የአሜሪካ ፊልም ኢንስቲትዩት ኮንሰርቫቶሪ፣ በአጭሩ ኤኤፍአይ፣ ሁለት ዓመት ይፈጃል። ስድስት ዘርፎች አሉት፦ ዳይሬክቲንግ፣ ሲኒማቶግራፊ (የካሜራ ሥራ)፣ ኤዲቲንግ፣ ፕሮዲውሲንግ፣ ፕሮዳክሽን ዲዛይን (የፊልሙን ቦታና መልክ ማዘጋጀት) እና የስክሪፕት ጽሑፍ። የምታመለክቱት ለአንዱ ነው። እንግሊዝ ቢከንስፊልድ የሚገኘው ናሽናል ፊልም ኤንድ ቴሌቪዥን ስኩልም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። እሱ ደግሞ የድምፅ ሥራን፣ የፊልም ሙዚቃን፣ አኒሜሽንንና ዘጋቢ ፊልምን ለብቻ ለብቻ ያስተምራል።

በሌላ በኩል ሁሉም ሁሉንም እንዲነካ የሚያደርጉ አሉ። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የኪነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ቲሽ፣ የሦስት ዓመት ኤምኤፍኤ ይሰጣል። ተማሪው ይጽፋል፣ ዳይሬክት ያደርጋል፣ በጓደኞቹ ፊልም ላይ ደግሞ ካሜራ ይይዛል ወይም ድምፅ ይቀዳል። በ1956 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ሎንደን ፊልም ስኩልም በሁለት ዓመቱ የማስተርስ ፕሮግራም ተማሪውን ከአንዱ ኃላፊነት ወደ ሌላው እያዘዋወረ በየተርሙ ፊልም ያሠራል።

ታዲያ የቱ ይሻላል? ሙያውን ለለየ ሰው የመጀመሪያው ዓይነት፣ ያለ ጥርጥር። ምክንያቱ ደግሞ ከክፍሉ ይልቅ ቀረጻው ላይ ነው የሚታየው። ሁሉን አቀፍ በሆነው ትምህርት ቤት ድምፃችሁን የሚቀዳው ልጅ ዳይሬክተር መሆን የሚፈልግ ልጅ ነው። ሐሳቡ ሁሉ በሚቀጥለው ሳምንት በሚቀርጸው በራሱ ፊልም ላይ ነው። በአንድ ሙያ ትምህርት ቤት ድምፅ የሚቀዳው ሰው ዕድሜውን ሙሉ ድምፅ ሊሠራ የመጣ ሰው ነው። ኤዲተሩም፣ ዲዛይነሩም እንዲሁ። ከእነዚህ ሰዎች ጋር የሚሠራ ፊልም ጥራቱ ሌላ ነው። ከምረቃ በኋላም ቡድኑ እንዳለ ሊቀጥል ይችላል።

የሁለተኛው ዓይነት ጥቅም የሚታየው ትንሽ ቆይቶ ነው። የማይክ ዘንግ ይዞ ቀኑን ሙሉ የቆመ ዳይሬክተር፣ በኋላ ከድምፅ ባለሙያ ምን መጠየቅ እንዳለበትና ምን መጠየቅ እንደሌለበት ያውቃል። ደግሞ እንጀራ አለ። ተመራቂ ዳይሬክተርን ማንም ተሽቀዳድሞ አይቀጥርም። ካሜራ የሚረዳ፣ ድምፅ የሚቀዳ፣ ኤዲት የሚያደርግ ሰው ግን ሥራ ቶሎ ያገኛል። ስለዚህ «ዳይሬክተር መሆን እፈልጋለሁ፤ ግን እስካሁን ይህ ነው የሚባል ፊልም አልሠራሁም» የሚል ሰው ወደ ሁለተኛው ቢያዘነብል አይሳሳትም።

ኒውዮርክ ያለው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በሁለቱ መሀል ይቀመጣል። ዳይሬክተሮችና ጸሐፊዎች መጀመሪያ አብረው ይማሩና በኋላ ወደየዘርፋቸው ይለያሉ። ክብደቱ በታሪክ አወቃቀርና ከተዋናይ ጋር በመሥራት ላይ ነው። ስክሪፕት ለሚወድ ሰው እኔ ይህንን ነው የምመክረው።

የትምህርት ክፍያው ብቻውን ዋጋው አይደለም

በአሜሪካ የግል ትምህርት ቤቶች፣ ኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲንና ኤኤፍአይን ጨምሮ፣ የአንድ ዓመት ክፍያ ከ60 ሺህ ዶላር ያልፋል። ኑሮው ከዚያ ውጭ ነው። ፊልሙም ከዚያ ውጭ ሊሆን ይችላል፤ ሰው የሚደናገጠው እዚህ ላይ ነው። በብዙ ቦታ የመመረቂያ ፊልም ወጪ በተማሪው ትከሻ ላይ ይወድቃል። ትምህርት ቤቱ ካሜራና መብራት ያውሳል። ለተዋናይ፣ ለቦታ ኪራይ፣ ለመጓጓዣና ለምግብ የሚከፍለው ግን ተማሪው ነው። እንግሊዝ ያሉት ሁለቱ የጠቀስኳቸው ትምህርት ቤቶች ለፊልሞቹ በጀት ይመድባሉ። ስለዚህ ሁለት ትምህርት ቤቶችን ስታወዳድሩ የዓመቱን ክፍያ ሳይሆን ድምሩን ያዙ፦ ክፍያ፣ ኑሮ፣ ፊልም፣ የዓመቱ ብዛት። ሦስት ዓመት የሚፈጅ ፕሮግራም ሦስት ዓመት የቤት ኪራይ ነው። በድምሩ ሲታይ ውድ የመሰለው ሲረክስ፣ ርካሽ የመሰለው ሲወደድ ታያላችሁ።

ከበጀቱ ጋር የቅጂ መብት ይመጣል። ትምህርት ቤቱ ከከፈለ ብዙውን ጊዜ የፊልሙ ባለቤትም እሱ ነው፤ ወደ ፌስቲቫል የሚልከውም፣ የሚሸጠውም እሱ ነው። ተማሪው ከከፈለ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ፊልሙ የራሱ ነው። አጭር ፊልም ገንዘብ ስለማያመጣ ይህ ብዙም አያሳስብ ይሆናል። ሆኖም አጭሩን ወደ ረጅም ፊልም ማሳደግ ለሚያስብ ሰው ውሉን ከመፈረሙ በፊት ማንበብ ግድ ነው። አንዳንዱ ትምህርት ቤት ይህንን በድረ ገጹ ላይ አያወጣም። በኢሜይል ጠይቁ፤ መልሱንም አስቀምጡት።

ርካሽ ነው፣ ግን በቋንቋቸው

አውሮፓ ውስጥ ዋጋቸው ዝቅ ያለ፣ ስማቸው ግን ከፍ ያለ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አሉ። የፕራጉ ፋሙ የተመሠረተው በ1946 እ.ኤ.አ. ነው። በቼክ ቋንቋ ለሚማር የትምህርት ክፍያ የለም፤ በእንግሊዝኛ ለሚማር ግን አለ። በ1948 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የፖላንዱ ዉጅ ፊልም ትምህርት ቤት በተለይ በሲኒማቶግራፊ ስም ያተረፈ ነው። ፓሪስ ያለው ላ ፌሚስ በውድድር ፈተና ይቀበላል። በፈተናው አመልካቹ ከቀረቡለት ጥቂት ቃላት አንዱን መርጦ በዚያ ዙሪያ የራሱን ምርመራ አዘጋጅቶ ያቀርባል። ሐሳቡ ያስደስታል። ነገር ግን ፈረንሳይኛ ይጠይቃል፣ የዕድሜ ጣሪያም አለው።

አንድ ዓመት ቋንቋ ተምሮ ከዚያ መግባት ከሦስት ዓመት ብድር ይቀላል። ግን ፊልም ማለት ሰው ማዘዝ፣ ማግባባትና መከራከር ነው። ያንን ሁሉ በተሰባበረ ቋንቋ ማድረግ ያደክማል። ለዳይሬክተርና ለጸሐፊ ሲከብድ፣ ለካሜራና ለኤዲቲንግ ሰው ይቀላል።

ሦስት አገር በአንድ ማስተርስ

ገንዘብ ለሌለው ሰው በመጀመሪያ ማየት ያለበት የአውሮፓ ኅብረትን የኢራስመስ ሙንደስ የጋራ ማስተርሶች ነው። ዶክኖማድስ ዘጋቢ ፊልምን በሊዝበን፣ በቡዳፔስትና በብራስልስ ያስተምራል። ኪኖአይስ ደግሞ ልብ ወለድ ፊልምን ሊዝበንንና ታሊንን ጨምሮ በተለያዩ ከተሞች ያስተምራል፤ ተማሪውም በሙያው ተለይቶ ይገባል። ሁለቱም ሁለት ዓመት ናቸው፣ ትምህርቱም በእንግሊዝኛ ነው። ሙሉ ስኮላርሺፑ ክፍያውን ይሸፍናል፤ በወርም 1,400 ዩሮ ይሰጣል።

ችግሩ ስኮላርሺፑ ጥቂት፣ አመልካቹ ብዙ መሆኑ ነው። ሌላም አለ። በየስድስት ወሩ ከተማ መቀየር ለዘጋቢ ፊልም ሰሪ ጥሩ ትምህርት ቢሆንም፣ በአንድ ቦታ ሥር ሰዶ ከዚያ ከተማ የፊልም ሰዎች ጋር መተዋወቅ ይከብዳል። እንደዚያም ሆኖ ዘጋቢ ፊልም ለሚፈልግ ሰው ከነሙሉ ስኮላርሺፑ ከተገኘ ሌላ ማወዳደር አያስፈልግም። ይሂድ።

የአንድ ዓመት ማስተርስስ? ከዚህ በፊት በሥራ ላይ ለነበረና አንድ ነገር ለማሻሻል ለሚፈልግ ይሆናል። ለጀማሪ ያጥራል፤ የካሜራውን ቁልፎች እንደለመደ ምረቃው ይደርሳል። በፊልም ጥናት ስም የሚሰጠው ማስተርስ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ታሪክና ትንታኔ ነው። ለሃያሲ፣ ለተመራማሪ፣ ለፌስቲቫል አዘጋጅ ጥሩ ነው፤ ፊልም መሥራትን ግን አያስተምርም። ስሙ ስለሚመሳሰል ሳይለዩ የሚያመለክቱ አሉ።

ገንዘቡን ወስዶ ፊልም ቢሠሩበትስ?

ተገቢ ጥያቄ ነው። ለአንድ ዓመት ክፍያ በሚወጣው ገንዘብ ጥቂት አጫጭር ፊልሞች፣ አንዳንዴም አንድ ርካሽ ረጅም ፊልም ይሠራል። ቡድን ላለውና ጉድለቱን በግልጽ የሚነግረው ሰው ላላጣ፣ እኔ ትምህርት ቤቱን አልመክርም።

ሆኖም ለተማሪ ብቻ የተከፈቱ በሮች አሉ። ካን ፌስቲቫል ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለፊልም ትምህርት ቤት ሥራዎች የተለየ ውድድር አለው፤ አሁን ላ ሲኔፍ ይባላል። የኦስካሩ አካዳሚም የተማሪዎች ሽልማት ይሰጣል፤ በዚያ ያሸነፈ ፊልም ለዋናው የኦስካር አጭር ፊልም ዘርፍ ለመወዳደር ብቁ ይሆናል። ብቻውን የሚሠራ ሰው እነዚህ ጋ መድረስ አይችልም። ፊልሙ ቢያምርም።

ቪዛው የሚከለክለው ነገር

ይህ በማስታወቂያው ላይ አይነሳም። የፊልም ሥራ አብዛኛው በፍሪላንስ፣ ማለትም ሳይቀጠሩ በግል፣ ከፕሮጀክት ወደ ፕሮጀክት እየዘለሉ ነው የሚሠራው። የእንግሊዝ የተማሪ ቪዛ ግን በትምህርት ጊዜ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ተቀጥሮ መሥራትን ይፈቅድና በግል መሥራትን ይከለክላል። ስለዚህ ተማሪ ሆናችሁ በፍሪላንስ ካሜራ ይዛችሁ ኪራይ እከፍላለሁ ካላችሁ፣ አይሆንም። ከምረቃ በኋላ የሚሰጠው የግራጁዌት ቪዛ ያንን ይፈቅዳል። ጊዜው 2 ዓመት ነው፤ ከ2027 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንሥቶ ለቪዛው ለሚያመለክቱ ግን ወደ 18 ወር ያጥራል።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ከምረቃ በኋላ ኦፒቲ የሚባለው የሥራ ፈቃድ 12 ወር ይሰጣል። በዚያ ውስጥ ያለ ሥራ መቆየት የሚቻለው በድምሩ 90 ቀን ብቻ ነው። በፕሮጀክት መሀል ሥራ መፍታት ልማድ በሆነበት ሙያ 90 ቀን እንደ ዋዛ ያልቃል። ከመመረቃችሁ በፊት የሚቀጥሯችሁን ሰዎች ማወቅ አለባችሁ ማለት ነው። ለዚህ ሎስ አንጀለስና ኒውዮርክ መማር ከሌላ ከተማ ይሻላል።

ምርጫው ወደ ሁለት ወይም ሦስት ሲጠብ ከአምስት ዓመት በፊት የተመረቁትን ፈልጉ። የመመረቂያ ፊልሞቹ መጨረሻ ላይ ስማቸው ተዘርዝሮ ይገኛል። ታዋቂውን ዳይሬክተር እለፉት፤ ኤዲተሩን፣ የድምፅ ባለሙያውን፣ ረዳት ፕሮዲውሰሯን አሁን ምን እየሠሩ እንደሆነ ተመልከቱ። ለሁሉም ጻፉላቸው፣ ስለ ክፍያውም፣ ስለ ፊልሙ በጀትም፣ ስለ መምህራኑም በቀጥታ ጠይቁ። ብዙዎቹ ይመልሳሉ፤ ዕዳ ያለባቸው ደግሞ በዝርዝር ይመልሳሉ።