ታሪክና ኮሙኒኬሽን በአንድ ዲግሪ፦ የእንግሊዙ ጥምር ፕሮግራም ሲመዘን

በእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች ታሪክንና ኮሙኒኬሽንን አጣምሮ የሚሰጠው የመጀመሪያ ዲግሪ በእኛ ግምገማ ጥሩ ትምህርት ነው። የማጣመሩን ሥራ ግን ዩኒቨርሲቲው ለተማሪው ይተውለታል። ሁለቱ ትምህርት ክፍሎች ጎን ለጎን ያስተምራሉ፤ አንዱ ሌላው የሚያስተምረውን ብዙ ጊዜ አያውቅም። ይህን አውቆ የገባ ያተርፋል፤ ሳያውቅ የገባ ሁለት ግማሽ ትምህርት ይዞ ይወጣል።

መጀመሪያ የዲግሪው ስም በደንብ ይነበብ። በእንግሊዝኛው ስም መካከል «ኤንድ» ካለ ሁለቱ እኩል ናቸው። «ዊዝ» ካለ ግን ቀድሞ የተጻፈው ዋናው ነው፤ ተከታዩ ብዙውን ጊዜ ከሩብ እስከ ሲሶ ቢይዝ ነው።

ትምህርቱ ሦስት ዓመት፣ 360 ክሬዲት ነው። በዓመት 120 ክሬዲት እኩል ሲካፈል ለእያንዳንዱ ትምህርት ክፍል 60 ይደርሳል፤ ይህም ባለ 20 ክሬዲት ሦስት ሦስት ሞጁል (አንድ ሞጁል አንድ የትምህርት ዓይነት ነው) ማለት ነው። አንድ ክሬዲት በ10 የሥራ ሰዓት ስለሚሰላ አንድ ሞጁል 200 ሰዓት ይበላል፤ አብዛኛው የሚያልፈው በግል ንባብ ነው። ታሪክ ብቻ የሚያጠናው በዓመት ስድስት የታሪክ ሞጁል ሲወስድ እዚህ የሚገኘው ሦስት ነው፤ ከሦስቱም ግዴታ የሆነ አይጠፋም። ስለዚህ የምርጫ ሞጁል በዘፈቀደ አይሞላም። ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ ምረጡ፦ የ20ኛው ክፍለ ዘመን የአፍሪካ ታሪክ ከፕሮፓጋንዳ ወይም ከሬዲዮና ቴሌቪዥን ታሪክ ጋር። የሮማን ታሪክ ከማስታወቂያ ሥራ ጋር የወሰደ ሰው ሁለቱን የሚያገናኝ ጥያቄ ሳይኖረው ሦስተኛ ዓመት ይደርሳል።

በጣም የሚያደክመው የቀን መደራረብ ነው። ሁለቱም ክፍሎች ጽሑፍ የሚሰበስቡት ከገና በፊትና ከፋሲካ አካባቢ ስለሆነ በአንድ ሳምንት ሦስትና አራት አሳይመንት ይገጣጠማል። በመጀመሪያው ሳምንት የሁለቱንም ቀናት በአንድ ወረቀት ላይ አስፍሩና የአንደኛውን ክፍል ሥራ ከቀኑ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ለመጨረስ ወስኑ። የጊዜ ማራዘሚያም ለየክፍሉ ለብቻ መጠየቅ ሊያስፈልግ ይችላል፤ አንዱ ፈቀደ ማለት ሌላውም ፈቀደ ማለት አይደለም።

ሌላው ነጥብ የሚያስቆርጥ ነገር የምንጭ አጠቃቀስ ነው። ታሪክ የግርጌ ማስታወሻ ይፈልጋል፤ ኮሙኒኬሽን የደራሲውን ስምና ዓመቱን በጽሑፉ መካከል። ልዩነቱ ግን ከዚህ ይጠልቃል። የታሪክ መምህር ሰነዱን ማን፣ ለማን፣ ለምን እንደጻፈው ይጠይቃል። የኮሙኒኬሽን መምህር ስንት እትም እንዳነበባችሁና በምን ዘዴ እንደመረጣችሁ ይጠይቃል። የዕለታዊ ጋዜጣ የአንድ ዓመት ይዘት ለማጥናት «ጠቃሚ የመሰሉኝን መረጥኩ» ብሎ መጻፍ ለታሪኩ ሊያስኬድ ይችላል፤ ለኮሙኒኬሽኑ ይወድቃል። እዚያ የተለመደው ከአንድ ሳምንት ሰኞን፣ ከሌላ ሳምንት ማክሰኞን እያነሱ ሰው ሠራሽ ሳምንት መገንባት ነው። ከዚያ የመቁጠሪያ ቅጽ ይዘጋጃል፤ ከናሙናውም የተወሰነውን ሁለተኛ ሰው ቆጥሮ ውጤቱ መግጠሙ ይታያል።

የዲግሪው እውነተኛ ዋጋ የሚታየው በመመረቂያ ጽሑፉ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ 10,000 ቃል አካባቢ ሲሆን የሚመዘገበው በአንዱ ክፍል ነው። አማርኛ ለሚያነብ ተማሪ እዚህ ላይ የተለየ ዕድል አለ። የ1966ቱን የወሎ ረሃብ እንውሰድ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ለአይቲቪ ቴሌቪዥን የሠራው ዘገባ በብሪታንያ የታየው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 18 ቀን 1973 ነው። በዓመቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ ያው ምስል ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር ተቆራርጦ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ። መንግሥት ረሃቡን ለምን እንደሸሸገ የታሪክ ጥያቄ ነው። አንዱ ምስል ለንደን ላይ የዕርዳታ ጥሪ፣ አዲስ አበባ ላይ የክስ ማስረጃ እንዴት እንደሆነ ደግሞ የኮሙኒኬሽን ጥያቄ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ሳይይዝ ማንም ሊጨርሰው የማይችል ርዕስ ነው፤ ጥምር ዲግሪ የተፈጠረው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው።

ምንጩም እጅ ላይ ነው። ለንደን ኪው ያለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የአንባቢ ካርድ በነፃ ይሰጣል፤ ሰነድ በራስ ካሜራ ያለ ፍላሽ ማንሳትም ይፈቀዳል። የጣሊያንን ወረራ ዘመን ለሚያጠና «ኤፍኦ 371»፣ ለ1966ቱ ዘመን «ኤፍሲኦ 31» የሚባሉት የብሪታንያ ውጭ ጉዳይ ሰነዶች መደቦች ይታያሉ። ከነሱ ጎን አዲስ ዘመንን ያነበበ ተማሪ ሌላው የክፍል ጓደኛው የማይደርስበት ማስረጃ ይይዛል። የቀን ስሕተት ግን ይጠንቀቅ፦ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ድረስ የኢትዮጵያና የአውሮፓ አቆጣጠር ልዩነት 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ነው። የታኅሣሥ መጀመሪያ 1966 ጋዜጣ በእ.ኤ.አ. 1973 ፈንታ በ1974 ከተመዘገበ የክስተቱ ቅደም ተከተል ይገለበጣል። ሽማግሌዎችን ቃለ መጠይቅ ማድረግ የፈለገ ደግሞ የሥነ ምግባር ፈቃድ አስቀድሞ ያውጣ፤ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ ከፈቃዱ በፊት የተቀዳ ቃል ብዙ ጊዜ ለጽሑፉ አይውልም።

ክፍያው ከነጠላው ዲግሪ አይለይም። በእንግሊዝ ለአገር ውስጥ ተማሪ ጣሪያው በ2025/26 የትምህርት ዘመን በዓመት 9,535 ፓውንድ ነበር። ከውጭ የሚመጣ ግን እጅግ ብዙ ይከፍላል፤ ስለዚህ የመኖሪያ ፈቃዳችሁ የትኛው ምድብ ውስጥ እንደሚያስገባችሁ ከማመልከታችሁ በፊት አረጋግጡ። የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ በሚቀበለው ዩካስ እስከ አምስት ምርጫ ይሞላል፤ ለሁሉም የሚላከው የግል መግለጫ ግን አንድ ነው፣ ከ4,000 ፊደል አይበልጥም። ስለ ጋዜጠኝነት ፍቅር ብቻ የሞሉት ተማሪዎች በታሪክ ክፍሉ በኩል ይቸገራሉ። አንድ ያነበባችሁትን የታሪክ ሰነድ ወይም የቆየ ጋዜጣ አንሥታችሁ ዜናው እንዴት እንደቀረበ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፉበት፤ ለሁለቱም ክፍሎች አንድ ላይ ይናገራል።