መናገሻ ሱባ፦ ለጫካው አምስት ኮከብ፣ ለወሰደን ድርጅት ሁለት

ሠላሳ አራት ዓመት አናጺ ሆኜ ስኖር ዝግባን በጣውላ፣ ጥድን በቋሚ፣ ኮሶን በጠረጴዛ ገበታ ነው የማውቃቸው። ቆመው፣ ቅጠላቸው እየተንቀሳቀሰ፣ ወፍ ሰፍሮባቸው አላየኋቸውም ነበር። የሚያሳፍረው ደግሞ ተራራው ከወርክሾፔ በር ላይ የሚታይ መሆኑ ነው። አየር ጤና ቆሞ ወደ ምዕራብ የተመለከተ ሰው የመናገሻ ሱባ ደን ያለበትን ወጨጫን አያጣውም። ጠዋት ጠዋት ደመና ተከናንቦ ሳየው «ዛሬ ይዘንባል» ከማለት ያለፈ ጉዳይ አልነበረኝም። ልጄ ይህን ስለምታውቅ ባለፈው ኅዳር የአንድ ቀን የእግር ጉዞ ከፍላልኝ «አባዬ፣ አንድ ቅዳሜ እንኳን ሰጋቱራ ሳትተነፍስ ዋል» አለችኝ።

የወሰደንን ድርጅት ስም አልጽፍም፤ አዘጋጁ ወጣት ነው፣ ሊታረም ይችላል። ክፍያው በሰው 1,900 ብር ሲሆን መጓጓዣን፣ ምሳን፣ መግቢያንና አስጎብኚን ያጠቃልላል ተብሎ ነበር። መነሻችን ከንጋቱ 12 ሰዓት ሜክሲኮ አደባባይ ነው ስለተባለ በጨለማ ከአየር ጤና ታክሲ ይዤ ሜክሲኮ ደረስኩ። መኪናው የተነሣው 1 ሰዓት ከ40 ላይ ነው። 2 ሰዓት ካለፈ በኋላ በገዛ ቤቴ ደጃፍ አልፎ ሄደ። ባለቤቴ በረንዳው ላይ ቡና ስትቆላ አየኋት፤ እጄን አውለበለብኩ፣ አላየችኝም።

ሱባ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ሰበታን ሲያልፉ ከጅማው አስፋልት ወደ ቀኝ ይታጠፉና ቀሪው ኮረኮንች ነው። ሚኒባሳችን ዳገቱ ላይ ሁለት ጊዜ አቃስቶ በሦስተኛው ስለቆመ የመጨረሻውን መንገድ በእግራችን ሄድን። እኔ አልከፋኝም። መጀመሪያ የሚቀበልዎት በሰው እጅ የተተከለው የፈረንጅ ጥድና ባሕር ዛፍ ነው፤ እንደ ወታደር ተሰልፎ የቆመ። ይህን እንጨት በደንብ አውቀዋለሁ፤ ለበር ክፈፍና ለጣሪያ ማገር ስንጠቀምበት ኖረናል። አንዲት ወጣት «ጫካው ይኼ ነው እንዴ?» ብላ ፎቶ ማንሣት ጀመረች። አይደለም፣ ልጄ፤ ትንሽ ታገሺ።

በሩ ላይ አንድ የደኑ ጠባቂ አብሮን እንዲሄድ ተመደበ። ድርጅቱ ያመጣልን አስጎብኚ ደግሞ በትከሻው ትልቅ ድምፅ ማጉያ ያንጠለጠለ ልጅ ነበር፤ ስለ ደኑ ከተናገረው ውስጥ የማስታውሰው «ኦክስጅን በነፃ ነው» ያለውን ብቻ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የማወራው ሁሉ የጠባቂው ሥራ ነው። ዕድሜው ወደ አርባ የሚጠጋ፣ የጎማ ቡትስ ያደረገ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር የአካባቢው ተወላጅ ነው። እኔን ጋሼ እያለ ሁልጊዜ ከፊት ከፊቱ አስኬደኝ። በኋላ እንደገባኝ ይህ አክብሮት ብቻ አልነበረም፤ ከኋላ ከሆንኩ እያንዳንዱ ግንድ ሥር እየቆምኩ እንደምቀር ገና በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት አውቋል።

ከተተከለው ጫካ ወጥተን ወደ ጥንቱ ስንገባ ብርሃኑ ተለወጠ። አየሩም ቀዘቀዘ። እዚህ ያለው የሐበሻ ጥድ እኔ የማውቀው ቀጭን የአጥር ቋሚ አይደለም፤ ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማያቅፈው ግንድ አለ። ልጡ በረጃጅሙ እየተላጠ ይንጠለጠላል፤ ከቅርንጫፉ ላይ እንደ ሽማግሌ ጢም ያለ ሽበት ወርዷል። እጄን ግንዱ ላይ ባሳርፍ ያ ሽታ መጣ፤ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን በር ሲጠገን ከመላጊያው ሥር የሚወጣው ሽታ። ጥድን ምስጥ አይደፍረውም፤ አባቶቻችን ለመቅደስና ለቤት ምሰሶ የመረጡት ለዚህ ነው። ዝግባ ሌላ ነው። ነጣ ያለ፣ ቀጥ ያለ፣ ለመላጊያ እንደ ቅቤ የሚገራ፣ ውጭ ዝናብ ላይ ካዋሉት ግን ቶሎ የሚበሰብስ። በወርክሾፕ ስሜን ያስጠራኝ የዝግባ ቁም ሳጥን ነው። ቆሞ ሳየው ግን እስከ ጫፉ ለማየት ባርኔጣዬን መያዝ ነበረብኝ።

ጠባቂው እያንዳንዱን በሁለት ቋንቋ ነበር የሚጠራው። ዝግባ ብርብርሳ፣ ወይራ ኤጀርሳ፣ ኮሶ ሄጦ። ብርብርሳ ሲል ቆም አልኩ፤ ዛሬ አራዳ የምንለው ሰፈር የድሮ ስሙ ብርብርሳ አይደል? ሐረርጌ ውስጥ ያለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የትውልድ ቦታም ኤጀርሳ ጎሮ ነው። ዛፉ ሲያልቅ ስሙ ሰፈሩ ላይ ይቀራል። ይህን ለጠባቂው ስነግረው ሳቀና «ጋሼ፣ እኛ ጋ ግን ስሙም ዛፉም አለ» አለኝ።

ስለ ተራራው አፈጣጠር ደግሞ ከመንገዱ ዳር ግራጫ ድንጋይ አንሥቶ አሳየን፤ ሻካራ ነው፣ በውስጡ ነጫጭ ብልጭልጭታ ተበትኖበታል። ወጨጫ ከጥቂት ሚሊዮን ዓመታት በፊት የተፋ እሳተ ገሞራ ነው፤ ዛሬ ጠፍቷል። ከአዲስ አበባ ዙሪያ የምናያቸው ፉሪና የረርም የእሱ ዓይነት ናቸው። የድንጋዩ ስም ትራካይት ነው። አንድ ተማሪ «ታዲያ ለምን እንዲህ ሾለ?» ብሎ ጠየቀ። መልሱን ወድጄዋለሁ፤ «እንደ አጥሚት የቀጠነ የእሳት ፍሳሽ አለ፣ ሜዳውን ሞልቶ ይሄዳል። የዚህኛው እንደ ገንፎ ነው፤ የወጣበት ቦታ ላይ ይቆለላል» አለው። ሌላዋ እንደ ዝቋላና እንደ ወንጪ አናቱ ላይ ሐይቅ እንዳለ ስትጠይቅ የለም ብሎ በአንድ ቃል ዘጋው። ሐይቅ ፈልጋችሁ ከሆነ እንግዲህ ሌላ ተራራ ምረጡ።

የታሪኩ ክፍል ላይ ግን ትንሽ ተከራክረናል። እንደሚነገረው ይህን ደን ያስተከሉት አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው፤ በእኛ አቆጣጠር ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት። ዘሩን ያስመጡት በደብረ ሲናና በአንኮበር በኩል ካለው ከወፍ ዋሻ ጥድ ነው ይባላል። እንግዲህ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ መሆኑ ነው። እኔ እጄ ያላረፈበትን ነገር ቶሎ አላምንም። «ጥድ ወፍ በልቶት የሚዘራው ዛፍ ነው፤ ደግሞም ዝግባውንስ ማን ዘራው?» አልኩት። ጠባቂው ሳይቆጣ «ንጉሡ ያስዘሩት ጥድ ነው ነው የሚባለው፤ ዝግባው የራሱ የተራራው ነው» አለኝ። መልስ አጣሁ። ጥድ ደግሞ ጥላ ሥር በቀላሉ አይበቅልም፣ ብርሃን ይፈልጋል፤ ስለዚህ ይህን ያህል ጥድ በአንድ ላይ አርጅቶ ሲቆም ያኔ ቦታው ገላጣ ነበር ማለት ነው ብዬ ለራሴ አሰብኩ። ተራራው ተራቁቶ ነበርና ንጉሡ ዘር አስመጡ የሚለው ወሬ ከዚህ ጋር አይጣላም።

ትንሽ ራቅ ብሎ መንገድ ዘግቶ የወደቀ ጥድ ነበር፤ ለማለፊያ በመጋዝ ቆርጠውታል። እዚያ ላይ ተንበርክኬ ቀለበቱን መቁጠር ጀመርኩ። ከሌሎቹ ጋር የነበረው ባለ ድምፅ ማጉያ «አባባ፣ እንሂድ!» እያለ ይጣራል። 140 ላይ ተውኩት፤ ገና ግማሽ አልደረስኩም ነበር። ሐቁን ለመናገር በአገራችን የቀለበት ቁጥር እንደ ሐኪም ወረቀት አይታመንም፤ በልግና ክረምት ባሉበት አካባቢ ዛፉ በአንድ ዓመት ሁለት መስመር ሊያወጣ ይችላል። ቢሆንም ጣቴን ከውጭ ወደ ውስጥ እያንቀሳቀስኩ አድዋን አልፌ፣ አዲስ አበባ ከተቆረቆረችበት ከ1879 ዓ.ም. ወዲያ ማዶ መድረሴን ገመትኩ።

የዚያ ዘመን ነገር ለእኔ ሙያ አይመችም። አዲስ አበባ ስትቆረቆር ዙሪያዋን እንጨት አስጨረሰች፤ ከ1890ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ዳግማዊ ምኒልክ መዲናውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከማሰብ የደረሱት በማገዶና በግንባታ እንጨት እጦት ነው። ባሕር ዛፍ መጥቶ ነው ከተማዋን ባለችበት ያቆያት። ይህን የመናገሻ ደን ደግሞ ምኒልክ እንዲጠበቅ አዘዙ። ጠባቂው እንደነገረን ከዚያ በኋላም ባለፈው መቶ ዓመት የእንጨት መሰንጠቂያ እዚሁ ሠርቷል። ያን ሲናገር ወደ እኔ አላየም፤ እኔ ግን መሬት መሬት አየሁ። የአስተማሪዬ አስተማሪ የሠራባቸው ወፋፍራም የጥድ ሳንቃዎች ከየት እንደመጡ ጠይቄ አላውቅም።

ምሳው ላይ አልዘገይም። ጾመ ነቢያት ገብቶ ስለነበር የጾም አለ ተብሎ ነበር፤ አለ፣ ቀዝቃዛ ፓስታ በላስቲክ። ከምሳው የባሰው ድምፅ ማጉያው ነበር። ጉሬዛ ለማየት መጥቶ ዘፈን የሚከፍት ሰው ምን ይባላል? ነጭ ጅራታቸውን እየነሰነሱ ከዝግባ ወደ ዝግባ ሲሸሹ ከሩቅ ብቻ አየናቸው።

ማስታወቂያው «እስከ ጫፍ» ይላል። ጫፉ 3,385 ሜትር ነው። 7 ሰዓት ላይ አዘጋጁ ተነሥቶ ወደ መኪናው እንመለስ አለ፤ መኪናው ማታ ሌላ ሥራ አለበት። አጉረመረምን። በመጨረሻ ጠባቂው «የቻለ ለአንድ ሰዓት ተኩል ይከተለኝ፣ በጊዜ እመልሳችኋለሁ» ሲል አራት ሰዎች ተነሣን፤ ከአራቱ በዕድሜ ትልቁ እኔ ነኝ፣ ጉልበቴም ይመሰክራል። የጉዞው ዋጋ ያለው በዚህ አንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው።

ድምፁ ከኋላችን ሲቀር ጫካው ተመለሰ። አንድ አረንጓዴ ወፍ ክንፉን ሲዘረጋ ውስጡ ቀይ ሆኖ አለፈ። ግንባራቸው ቀይ የሆነ ትናንሽ በቀቀኖች የጥድ ፍሬ ላይ ሰፍረው ይንጫጫሉ፤ ቀይ ግንባር ያላቸው ወንዶቹ ናቸው። ከመንገዱ ማዶ የምኒልክ ድኩላ ቆሞ ነበር፤ ወንድ ነው፣ ከሰል የመሰለ ጥቁር። ጠባቂው እጁን ብቻ አነሣ፤ ሁላችንም ትንፋሻችንን ያዝን። ከፍ ስንል ጥዱ ሳሳና ኮሶ ተተካ። ኅዳር የአበባው ወቅት ነው፤ የሴቷ አበባ እንደ ወይን ዘለላ ቀልቶ ተንጠልጥሏል። ልጅ ሳለሁ እናቴ በግድ ያጠጣችኝ መራራ ነገር እንዲህ የሚያምር መሆኑን ማን ነግሮኝ ያውቃል? ከኮሶው በላይ አስታ ይጀምራል፤ ዛፍነቱ እያጠረ ወደ ቁጥቋጦ ይሄዳል። እኛ አስታው ጫፍ ላይ ቆምን፤ ጫፉ ገና ከላያችን ነበር።

ከዚያ ወደ ደቡብ ሲያዩ የበቾ ሜዳ ነው፤ ጤፉ ቢጫ፣ ያልተዘራው መረሬ ጥቁር። በመካከሉ አዋሽ። ራቅ ብሎ ዝቋላ ብቻውን ቆሟል። በዚያው በአዋሽ ዳር ወደ ታች መልካ ቁንጡሬ አለ፤ ከእሳተ ገሞራ የወጣውን ባልጩት እየፈለጡ መሣሪያ የሠሩ ሰዎችና ከሰው በፊት የነበሩ ዘመዶቻችን ወደ ሁለት ሚሊዮን ለሚጠጋ ዓመት የተመላለሱበት ቦታ ነው። በ2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ ባልጪት ከሚባለው ቦታ ጋር በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ከዓመታት በፊት ያንን ሙዚየም አይቼ ስለታም የባልጩት ስንጣሪ በመስታወት ውስጥ ተደርድሮ ሳይ ስለ ድንጋይ ብቻ ነበር ያሰብኩት። አሁን ከላይ ሆኜ ሳየው የገባኝ ሌላ ነው። ያ ጥቁር መስታወት የመሰለ ድንጋይ የመጣው እኔ ከቆምኩበት ዓይነት እሳት ነው፤ የመጀመሪያው ባለ እጅ ሙያ ሰው ማቴሪያሉን ያገኘው ከተራራ ነው፣ እኔም እንደዚያው። ይህን ጮክ ብዬ አልተናገርኩም፤ ከእኔ ጋር ያሉት ውኃ እየጠጡ ነበር።

ስንወርድ ከመንገዱ ዳር ክንድ የምታህል የደረቀ ጥድ አንሥቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፤ ለመላጊያ እጀታ ትሆናለች ብዬ። ጠባቂው አየኝ። «ጋሼ፣ የወደቀውም የደኑ ነው» አለኝ፤ እንደ ልጅ አፍሬ መለስኳት።

ልትሄዱ ካሰባችሁ፦ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይሻላል፤ በክረምት ኮረኮንቹ ጭቃ ነው። የሚይዝ ጫማና ሹራብ አትርሱ፤ ቀትር ላይም ጥላው ይቀዘቅዛል። የራሳችሁን ምሳ ያዙ። ሦስት አራት ሆናችሁ ከፍ ያለ መኪና ብትከራዩ በድርጅት ከመሄድ ብዙም አይወደድባችሁም፤ በር ላይ ጠባቂ ጠይቁ፣ የሚገባውንም ክፈሉት። ከድርጅቱ ጋር የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ አዘጋጁን ሦስት ነገር አስምሉት፦ በሰዓቱ መነሣት፣ ማጉያውን መኪና ውስጥ መተው፣ እስከ ጫፍ ካለ እስከ ጫፍ። ልጄ ገንዘቡ ይመለስልን ብላ ልትጽፍለት ነበር፤ ከልክያታለሁ። በጥር ሁለቱን ተለማማጆቼን ይዤ እመለሳለሁ፤ በየቀኑ ዝግባ ይልጋሉ፣ ቅጠሉን ግን አያውቁትም።