የድሮ ቡዊክ ዳሽቦርድ፦ በሮለር ይሻላል በውሃ?

እ.ኤ.አ. ከ1946 እስከ 1948 የወጡት አንዳንድ ቡዊክ የተባሉ የአሜሪካ መኪኖች ዳሽቦርዳቸው እንጨት ይመስላል እንጂ ብረት ነው። ቀለሙ ሲላጥ የእንጨት መልኩን ለመመለስ ሁለት ምርጫ አለ።

በውሃ ማተም ፈጣን ነው። የእንጨት መስመር የታተመበት ስስ ፊልም ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፣ ማለስለሻ ይረጭበታል፣ ብረቱ ሲነከር ይለጠፍበታል። ጥምዝ ላይ ግን መስመሩ ይለጠጣል፤ ያ ዓይን ይወጋል።

ሮለሩ ትዕግሥት ይጠይቃል። መጀመሪያ ፈዛዛ ቡናማ መደብ ይቀባል፣ ከዚያ በተቀረጸ ሰሌዳ ላይ ጥቁር ቡናማ ቀለም ተደርጎ ትርፉ ይጠረግና በቅርጹ ውስጥ የቀረውን የጎማ ሮለር አንስቶ ብረቱ ላይ ያሳርፈዋል። ተጠግታችሁ ስታዩት እንደ ፀጉር የቀጠኑ ሰረዞች አሉት፤ ልብ ይሰርቃል! በዘመኑ ፋብሪካዎችም እንዲህ ያትሙ ስለነበር እኔ ያለ ማመንታት ሮለሩን እመርጣለሁ። ቢበላሽ እንኳ ቫርኒሹ ሳይቀባ፣ ቀለሙም ሳይደርቅ ጠርጎ እንደገና መሞከር ይቻላል።